ያልዘራነውን ስንቆጥር

በአራት ኪሎው የሳይንስ ፋኩልቲ፣ በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ ዋናው ሥራዬ አፈር ማጠጣት ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ግሪን ሃውሱ እገባና በጠረጴዛ ላይ በተርታ በተደረደሩት የፕላስቲክ ሳፋዎች ላይ ውኃ አርከፈክፋለሁ። ሳፋዎቹ ውስጥ የተዘራ ነገር አልነበረም። የግቢው አትክልተኛ ይህን ነገር ሊለምዱት አልቻሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጽጌረዳ ሲገርዙና ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ምን ዘርተህ ነው?» ይሉኛል።

«ምንም አልዘራሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ይበቅላል ብለህ ታጠጣለህ?»

«እሱን ነው የምጠብቀው።»

አንድ ቀን ትንሽ ዝም ብለው ቆይተው «ለዚህም ዲግሪ ይሰጣል?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ባልዲያቸውን አንሥተው ሄዱ።

ዘመኑ 1980ዎቹ ሊያልቁ የተቃረቡበት ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚወራው ወሬ እንደዛሬው አልበዛም፤ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው ሐረግም ከሴሚናር ክፍል ብዙ አይርቅም ነበር። እኛ የምናውቀው ችግር ደን ማለቁን ነበር። የምንጠይቀውም ጥያቄ አጭር ነው፤ ደኑ ተመንጥሮ ያለቀበት መሬት ቢከለልና ከብት ባይገባበት፣ ሰውም እጁን ቢሰበስብ፣ ዛፎቹ በራሳቸው ጊዜ ይመለሳሉ ወይ?

መልሱ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሣሩ፣ አረሙና ቁጥቋጦው በየዓመቱ ከሚያረግፈው ዘር ከፊሉ ጉንዳን ይበላዋል፣ ከፊሉ ይበሰብሳል፣ ከፊሉ ግን ሕይወቱን እንደያዘ ይቀበራል። ብርሃንና እርጥበት እስኪያገኝ ድረስ ለዓመታት፣ አንዳንዱም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በሙያው ቋንቋ «የአፈር የዘር ባንክ» የሚባለው ይኸው ነው። ባንኩ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ማጉሊያ መነጽር ብቻውን አይበቃም፤ ሞቶ የቀረውን ዘርና ሕያው የሆነውን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ዘሩን ራሱን ማስመስከር ያስፈልጋል። ስለዚህ ደን ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ መሬት ይለካል። ከላይ የረገፈው ቅጠል ለብቻው ይነሣል። ከዚያ ሦስት ሳንቲ ሜትር፣ እንደገና ሦስት፣ እንደገና ሦስት እየተባለ እስከ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይወረዳል። እያንዳንዱ ንብርብር በየከረጢቱ ሆኖ፣ ከየት እንደመጣ ተጽፎበት ግሪን ሃውስ ይገባል። ሳፋ ላይ በስሱ ይነጠፍና ውኃ ይጠጣል። የበቀለው ይቆጠራል፣ ማንነቱ ታውቆ ይነቀላል፤ ማንነቱ ያልታወቀው ወደ ሌላ ዕቃ ተዛውሮ አበባ እስኪያወጣ ይጠበቃል። ከዚያ አፈሩ ተገለባብጦ እንደገና ይጠጣል። ለወራት እንዲህ ነው።

መንገዱን ያሳየን የተመራማሪው የደመል ተከታይ ሥራ ነበር። ስዊድን አገር ኡሜኦ ውስጥ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ሲሠሩ፣ ከአንደርስ ግራንስትሮም ጋር ሆነው በደረቁ የደጋ ደኖቻችን አፈር ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሞ ነበር። ቅጂው ትምህርት ክፍላችን ሲደርስ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ጠርዙ እስኪታጠፍ ተነበበ። ውጤቱ በአንድ በኩል ደስ ያሰኛል፤ በአንድ ካሬ ሜትር አፈር ውስጥ ከአሥር ሺህ የሚበልጥ ሕያው ዘር ተገኝቷል። በሌላ በኩል ግን ያ ሁሉ ዘር አብዛኛው የሣርና የአረም ነው። ለደኑ ስም የሰጡት ታላላቅ ዛፎች አብዛኞቹ በባንኩ ውስጥ የሉም፣ ወይም እዚህ ግባ የሚባል ተቀማጭ የላቸውም። የዝግባ ዘር ረግፎ አፈር ውስጥ ዓመታትን አይጠብቅም። የጥቁር እንጨት ዘር ደግሞ ከደረቀ በወራት ውስጥ ሕይወቱ ይወጣል።

እኔ ይህን አንብቤ ሳበቃ እንኳ በልቤ የራሴ ሳፋ የተለየ ነገር ያወጣል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ወጣትነት ነው። መጀመሪያ ሣሩ መጣ፤ እንደ ሕፃን ፀጉር ሆኖ ሳፋውን ሸፈነው። ቀጥሎ ማገጥ፣ ሳማ፣ መጭ፣ ስሙን የማላውቀው ቢጫና ነጭ አበባ ሁሉ መጣ። ከዝግባ ሥር ከወሰድኩት አፈር አረም ይነሣል፤ ከወይራ ሥር ከወሰድኩት አረም ይነሣል። አማካሪዬ በየሳምንቱ መጨረሻ ገብተው መዝገቤን ያዩ ነበር። ለዛፎቹ ባዶ የተውኩትን ዓምድ አይተው አንድ ጊዜ ተቆጡኝ። «ባዶ ማለት አላየሁም ማለት ነው፤ አንተ ግን አይተሃል። ዜሮ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ያንን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ስሞላ የዋልኩበት ከሰዓት በኋላ ትዝ ይለኛል። ሳይንስ ማለት የሆነ ነገር ማግኘት ይመስለኝ ነበርና ያ ሁሉ ዜሮ እንደ ሽንፈት ነበር የታየኝ። የጥናቱ ዋና ግኝት ያ ዓምድ መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።

በሳፋ የበቀለውን አረም ማንነት ማወቅ ደግሞ ሌላ ዓለም ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየሙ አለ። ናፍታሊን የሚሸቱ ቁም ሣጥኖች፣ በውስጣቸው በወፍራም ወረቀት ላይ የተሰፉና የተለጠፉ የደረቁ ዕፅዋት ተደርድረዋል። አንድ ተክል ከመስክ ሲመጣ በጋዜጣ መሐል ተደርጎ፣ በእንጨት መጫኛ ታስሮ እንዲደርቅ ይደረጋል። ጋዜጣውም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዘመን ነው። ገና ያልተለጠፉትን ናሙናዎች ሳገላብጥ ተክሉን ትቼ ጋዜጣውን ማንበብ እወድ ነበር፤ የቡና ዋጋ፣ የስታዲየም ውጤት፣ የጓድ ሊቀ መንበሩ ጉብኝት፣ የሞት ማስታወቂያ። የሄርባሪየሙ ባለሙያዎች ይህን ልማዴን ያውቁት ስለነበር «ዜናው ምን ይላል?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ከዜናው ይበልጥ የሚነበበው ግን በወረቀቱ ግርጌ ያለው ጽሑፍ ነው። ማን ሰበሰበው፣ መቼ፣ የት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ፣ ምን ዓይነት መሬት ላይ። «ከመንገዱ በስተግራ፣ በጥድ ደን ዳር» የሚል ጽሑፍ ታነባለህ። ቦታውን ታውቀዋለህ፤ በአውቶቡስ አልፈህበታል፤ ጤፍ ማሳ ነው። ያ ደን እንደነበረ የሚመሰክር ሌላ ሰነድ አገር ውስጥ ላይኖር ይችላል። አፈሩም አይመሰክርም፤ እኔ ራሴ ጠይቄው ዜሮ ነው ያለኝ። አንድ ደረቅ ቅርንጫፍና አምስት መስመር ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። የትምህርት ክፍላችን ዕውቀት አብዛኛው እንዲህ ባለ ነገር ላይ የቆመ ነበር፤ ለጎብኚ የሚታይ የረባ መሣሪያ ስላልነበረው እንግዶች ቶሎ ይሰለቹ ነበር።

የዚህ ዕውቀት ታሪክ ራሱ ጠመዝማዛ ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 አገራችን ገብቶ፣ ትግራይና ሰሜን ተራሮች ውስጥ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ፣ በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። የሰበሰበውን በጥቅል በጥቅል ወደ አውሮፓ ይልክ ስለነበር የብዙ ዕፅዋታችን የሳይንስ ስም የተሰጠው እሱ በላከው ናሙና ላይ ተመሥርቶ ነው። በየአጥሩ የምናየው ሰንሰል፣ ለኮሶ ትል የምንጠጣው ዕንቆቆ የሳይንስ ስማቸው ውስጥ ሺምፐር አለ። እናም አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ እጁ ላይ የያዘው ቅጠል ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ለማወቅ መጨረሻ ላይ ለንደን፣ ፓሪስ ወይም ፍሎረንስ ካለ ቁም ሣጥን ጋር መጻጻፍ ነበረበት።

ይህን ለማስተካከል ነው እ.ኤ.አ. በ1980 የአገሪቱን ዕፅዋት በመጽሐፍ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት የተጀመረው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ አብረው የያዙት፣ የስዊድን መንግሥት ገንዘብ ያለበት ሥራ ነው። መጀመሪያ የመሩት ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ፤ በኋላ በደኅንነተ ሕይወት ጉዳይ የታዳጊ አገሮችን ድርድር መርተው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ የጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል ላይ ትልቅ አሻራ ያሳረፉት እኚሁ ሰው ናቸው። ከአዘጋጆቹ መካከል ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስና ሰብስቤ ደምሰው ነበሩ። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1989፣ የመጨረሻው በ2009 ታተመ። ስምንት ጥራዝ፣ በአሥር መጽሐፍ፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፅዋት፣ ከእነሱም ከአሥር አንዱ ገደማ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙ። ሥራው በሁለት መንግሥታዊ ሥርዓት ውስጥ አልፏል፤ ጦርነትም፣ የአገር ለሁለት መከፈልም አይቷል። የጥራዞቹ ርእስ ላይ የኤርትራ ስም የተጨመረው በመሐል ነው።

እኔ ተማሪ በነበርኩ ጊዜ ሥራው አጋማሽ ላይ ስለነበር ዕውቀቴ በታተመውና ባልታተመው ጥራዝ ልክ ነበር። የሣሮቹ ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ ስለነበር ሳፋዬን የሞላው ሣር ብዙ አላስቸገረኝም፤ በማጉሊያ ሥር የአንዲት ሣር አበባ ቅርፊት መቁጠር አድካሚ ቢሆንም መጽሐፉ እጅ ይዞ ይወስዳል። ማገጥም የራሱ መጽሐፍ ነበረው። መከራዬ የነመጭ፣ የነአደይ አበባ ዘመዶች ነበሩ። ያ ትልቅ ቤተሰብ መጽሐፍ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ እኔ ተመርቄ ከወጣሁ ከዓመታት በኋላ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቢጫ አበባ ይዤ ቁም ሣጥን በቁም ሣጥን እየከፈትኩ፣ ከደረቀው ጋር እያስተያየሁ፣ «ይኼ ነው? አይደለም» ስል ስንት ከሰዓት በኋላ እንዳለፈ እግዜር ይቁጠረው። መጽሐፉ ሲወጣ ገዝቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የድሮ መዝገቤን አውጥቼ ራሴን ማረም ሳይሆን የሄርባሪየሙን ሰዎች ሄጄ ማመስገን ነበር፤ በዓይናቸው ብቻ የነገሩኝ ስም አብዛኛው ልክ ሆኖ ተገኝቷል።

አፈሩን የማመጣው ከመናገሻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለ ደን ነው። በአፈ ታሪክ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ታሪኩ እስከ ምን እንደሚጸና የታሪክ ሰዎች ይንገሩን፤ ለእኛ ግን የሚገርመን ነገር ነበረው፤ ንጉሡ ችግሩን ያወቁት ይመስላል። ዘር ከሌላ ደን ነው ያስመጡት።

በደኑ ጥበቃነት የሠሩ አንድ ሽማግሌ አብረውኝ ይዞሩ ነበር። ዛፎቹን በኦሮምኛ ነው የሚያውቋቸው፤ ዝግባውን ቢርቢርሳ፣ ወይራውን ኤጄርሳ፣ ኮሶውን ሄጦ ይላሉ። እኔ ላቲኑን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ሰምተው ይስቃሉ። መዶሻና የብረት ክፈፍ ይዤ ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ አፈር ስቆርጥ ቆመው ያዩኝና «ቢርቢርሳን ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ከመሬት በታች ምን አስኬደህ፤ ከላይ ሞልቶ የለም እንዴ?» ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። እውነትም ከእናትየው ዛፍ ሥር ጣት የማያክሉ የዝግባ ቡቃያዎች መሬቱን ሞልተውታል። ቀጥለው የነገሩኝን ዛሬም ለተማሪዎች ስናገር ከመጽሐፍ ያነበብኩት ይመስላቸዋል። ጥቂቶቹን ምልክት አድርገውባቸው ኖሯል። «እቺ ልጄ ከብት መጠበቅ ሳትጀምር ነው ያየኋት። አሁን ልጄ አግብታለች። እቺ ግን አታድግም፣ አትሞትም» አሉኝ። አንድ አሮጌ ዛፍ በንፋስ ሲወድቅና ፀሐይ ሲገባ ግን ያ የቆመ ቡቃያ በጥቂት ክረምት ውስጥ ሽቅብ እንደሚሮጥ አይተዋል።

ይህ በሙያችን «የቡቃያ ባንክ» ይባላል። የደጋ ዛፎቻችን ብዙዎቹ ተስፋቸውን የሚያስቀምጡት በአፈር ውስጥ ባለ ዘር ሳይሆን በጥላ ሥር ቆሞ በሚጠብቅ ቡቃያ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዘር ከተቀበረ እሳትም ማረሻም ሊያልፍበት ይችላል። ቡቃያ ግን አንድ የፍየል መንጋ ባለፈበት ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ዛፉ ተቆርጦ፣ ቡቃያው ተግጦ፣ መሬቱ ታርሶ ከተተወ፣ አጥር ቢያጥሩለት የሚመለሰው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ዝግባ እንዲመለስ በአቅራቢያ ቆሞ የሚያፈራ ዝግባና ፍሬውን ተሸክሞ የሚመጣ ወፍ ወይም ጦጣ ያስፈልጋል።

ይህን ውጤት በትምህርት ክፍሉ ሴሚናር ላይ ሳቀርብ ከጎንደርና ከጎጃም የመጡ ጓደኞቼ ብዙም አልተደነቁም። ዛፍ የት እንደቀረ የሚያውቁት ከልጅነታቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ። ከሩቅ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ክብ ሁሉ አንድ ደብር ነው። ከዓመታት በኋላ ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንተው 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነት መዝግበዋል፤ የዶክትሬት ሥራቸውንም እ.ኤ.አ. በ2007 ሆላንድ አገር ቫኽኒንገን ላይ አቅርበዋል። የአብያተ ክርስቲያናቱ አፈርም ሲመረመር ያው ነው፤ የዛፍ ዘር በጣም ጥቂት። ያ ሁሉ ዛፍ ያለው ከመሬት በላይ ነው። ከጥናቱ በኋላ በአንዳንድ ደብሮች ከብት እንዳይገባ የድንጋይ አጥር ተሠርቷል። አንድ የምርምር ወረቀት ወደ ድንጋይ አጥርነት ሲለወጥ በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አላየሁም፤ የእኔማ በጥቁር ሽፋን ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ዘመን ሌላ የማይረሳኝ አንድ ክርክር ነው። የዚያን ጊዜ ስለ ደን የሚጽፍ ሰው ሁሉ «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ የነበረው ደናችን አሁን ከ3 በመቶ በታች ሆኗል» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ሁላችንም ጥናታችንን እንዲያ ጀመርን። አንድ መምህራችን ግን በእያንዳንዳችን ረቂቅ ላይ በቀይ «ማን ለካው?» ብለው ጽፈው መለሱልን። ፍለጋ ገባን። አንዱ ጽሑፍ ሌላውን ይጠቅሳል፣ ሌላው ሌላውን ይጠቅሳል፤ ሄደን ሄደን የለካ ሰው አላገኘንም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ይህንኑ የ40 በመቶ ተረክ የሚሞግት ጽሑፍ አወጡ። ደጋው በማረሻ ሥር ከኖረ ብዙ ዘመን እንደሆነውና የደን መመናመን ታሪኩ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ነው የተከራከሩት። አንዳንዶቻችን ተቆጣን፤ ደን አላለቀም ሊሉ ነው እንዴ ብለን። ደን አላለቀም አላሉም። እኔ እንኳ እዚያ ክርክር ላይ ነው ለጥሩ ዓላማ የተነገረ መጥፎ ቁጥር መጥፎ ቁጥር መሆኑን የተማርኩት። ዛሬም ያንን 40 በመቶ በየስብሰባው እሰማዋለሁ፤ ማንም ገፍቶ አይጠይቅም።

በባሕር ዛፍ የተነሣውን ጠብ ደግሞ አታንሡት። በ1880ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ አዲስ አበባን ከመፍረስ ያዳነ ነው የሚሉና ምድሪቱን ያደረቀ ነው የሚሉ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጡ ነበር። እኔ ከረጋሚዎቹ ጠረጴዛ ነበርኩ። ከእንጦጦ በጀርባቸው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች እያየን፣ በዚያው እንጨት የፈላ ሻይ እየጠጣን እንረግማለን። ከዚያ ፈየራ ሰንበታና ደመል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት በሰው እጅ በተተከሉ ደኖች ሥር፣ ባሕር ዛፉን ጨምሮ፣ አገር በቀል ዛፎች በራሳቸው እየበቀሉ መሆኑን አሳዩ፤ የተፈጥሮ ደን ቀረብ ያለበት ቦታ ላይ በተለይ። ወፍ ለማረፍ የዛፉን ዘር ግንድ አትጠይቅም። ባሕር ዛፉ ላይ ታርፋለች፣ የበላችውን ዘር ትጥላለች፣ ጥላውም ቡቃያውን ከፀሐይ ይከልላል። ባሕር ዛፍ አሁንም ምንጭ አጠገብና ማሳ ዳር መተከል የለበትም ባይ ነኝ። የሻይ ቤት ጠረጴዛዬን ግን ቀይሬአለሁ።

ስለ ዝግባ ካነሣሁ አይቀር፣ በዚያው ትምህርት ክፍል ውስጥ ከእኛ በተለየ መንገድ የሚሠሩ ለገሠ ነጋሽ ነበሩ። የዝግባ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ስላለው በችግኝ ጣቢያ ቶሎ አይበቅልም፤ ብዙ ወር ያስጠብቃል። እሳቸው የዘሩን ቅርፊት አልፈው በላቦራቶሪ በአጭር ጊዜ የማብቀያ ዘዴ ላይ ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ አገር በቀል ዛፎችና ስለ አባዛዛቸው መጽሐፍ አሳትመዋል። ችግኝ ጣቢያዎቻችን ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ የሚያበዙት አገር በቀሉን ጠልተው አይደለም፤ እነዚህ ቶሎ ስለሚበቅሉ ነው። ክረምት ሲመጣ «ይህን ያህል ችግኝ አዘጋጅ» የተባለ ሰው የዝግባን ዘር የሚጠብቅበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲነገር ከሠፈሬ ሰዎች ጋር ወጥቼ እኔም ተክያለሁ። ደስ የሚል ቀን ነበር፤ ጭቃው፣ ጨዋታው፣ ዳቦው። አማካሪዬ ቢኖሩ ግን ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። የሚቀጥለው ሰኔ ላይ ስንቱ እንደቆመ፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ከብት የገባበትና ያልገባበት ለየብቻ ተቆጥሮ ይጻፍ ነው የሚሉት። የደረቀበት ቦታም ዜሮ ተብሎ።

ባለፈው ዓመት የዶክትሬት ተማሪ የሆነች ልጅ ፈልጋ አገኘችኝ። ሥራዋ ከሳተላይት ምስል የደን ሽፋን ለውጥ መለካት ነው፤ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ የመናገሻን ደን የሠላሳ ዓመት ታሪክ በቀለም ታሳየኛለች። እኔም የሽማግሌ ነገር ሆኖብኝ «ከዛፉ ሥር ያለው ቡቃያ ግን በዚህ አይታይም» አልኳት። «እሱማ አይታይም፤ ለዚህ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት» አለችኝ። የድሮ ናሙናዎቼን ከወሰድኩባቸው ቦታዎች ላይ እንደገና አፈር ወስዳ፣ ቡቃያውንም ቆጥራ ማወዳደር ነው የፈለገችው። ያኔ ዛፍ ላይ የቀባሁት ቁጥር ከጠፋ ቆይቷል፤ ቦታ በሳተላይት የሚነግር መሣሪያም በእጄ አልነበረም። የቀረው የመስክ መዝገቤ ብቻ ነው። ትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ላይ ቆመን ገጹን ታገላብጥ ጀመር።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ‹ከምንጩ ወደ ምሥራቅ 60 ርምጃ› ይላል።»

«አዎ።»

«የማን ርምጃ?»

«የእኔ ነዋ።»

ከቦርሳዋ የሜትር ጥቅል አወጣችና ከግድግዳው እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳው ድረስ አስኬደችኝ። ተማሪዎች ከክፍል እየወጡ ቆመው ያዩናል። ለካች፣ ለርምጃዎቼ ቁጥር አካፈለች፣ ጻፈች። ቅር አለኝ። «ያኔ እኮ ወጣት ነበርኩ፤ ርምጃዬ ከዚህ ይረዝም ነበር» አልኳት።

«ስንት ልጨምርበት?» አለችኝ ብዕሯን ይዛ።

እኔ አሥር ሳንቲ ሜትር አልኳት። እሷ ቁልቁለቱን አስባ ሦስት አለች። በአምስት ተስማማን።